ትምባሆና የስፖርት ሜዳ

ስፖርት አካልን የሚያጠነክር፣ ትምባሆ ግን ያንኑ አካል የሚያደክም መሆኑን የሚክድ የለም። እንዲህም ሆኖ ሁለቱ ለብዙ ዘመን በአንድ ሜዳ አብረው ኖረዋል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ፣ በአገራችንም፣ ይልቁንም በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ምን ሊደረግ እንደሚገባ ጥቂት ለመመርመር እንወዳለን።

አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፣ «ኦሊምፒያ» የተባለ ሲጃራ ተሽጦ ገቢው ለዝግጅቱ ማካሄጃ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮም የፎርሙላ አንድ መኪናዎች የሲጃራ ኩባንያዎችን ቀለምና ስም ለብሰው መታየት ጀመሩ። ኩባንያዎቹ ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ስፖርትን ወደው አይደለም። የቆየው አጫሽ ሲታመምና ሲሞት በምትኩ አዲስ ደንበኛ ያሻቸዋል፤ እርሱም የሚገኘው ወጣት በተሰበሰበበት ስፍራ ነው።

ዓለም ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሪያና በጃፓን የተደረገው የዓለም ዋንጫ ከትምባሆ ነጻ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 አንሥቶ ድንበር የሚሻገሩ ውድድሮች በትምባሆ ገንዘብ እንዳይደገፉ ከለከለ። አገራችን ደግሞ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጸደቀች። ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆን ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ፈጽሞ ከለከለች፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥም ደነገገች።

ሕጉ ካለ ታዲያ ሥጋቱ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ሕዝብ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የጃፓን ቶባኮ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 ከመቶ ድርሻ ገዛ፤ በማግሥቱም ዓመት ድርሻውን ከ70 ከመቶ በላይ አደረሰ። አጫሹ ጥቂት፣ ወጣቱ ግን እጅግ ብዙ በሆነበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ የሚያስበው ስለ ነገው ገበያ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ የሚሰጠው ኦክሲጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ከሲጃራ ጢስ የሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ የሚያጨስ ተጫዋች ከመሮጡ በፊት ከትንፋሹ ከፍሎ ሰጥቷል ማለት ነው።

ሌላው ጭንቅ የገንዘብ ነው። ክለብ ያለ ገንዘብ አይቆምም። የትምባሆ በር ሲዘጋ የቢራና የውርርድ በር ተከፍቷል፤ ፕሪሚየር ሊጉም በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የውርርድ ኩባንያ ስም ይዞ ተጫውቷል። ይህ የሚያስተምረን፣ ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃና ለክለቦች ንጹሕ የገቢ ምንጭ መፈለግ እንደሚገባ ነው።

ትልቁ ሊግ ካሜራ ስላለበት ሕጉን ለማስከበር ይመቻል። የሚያሳስበን ግን በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚደረገው የሰፈርና የትምህርት ቤት ውድድር ነው። በዚያ ሜዳ ዳር ሱቁ ሲጃራ ለማን እንደሚሸጥ፣ አሠልጣኙስ በልጆቹ ፊት ያጨስ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ማን ነው?

እንግዲህ በስፖርት ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹም ለውድድር ፈቃድ ሲሰጥ «በሜዳው ትምባሆ አይጨስም፣ አይሸጥም» የሚለውን ቃል በውሉ ላይ ያስፍር። ተማሪውም ውድድር ሲያዘጋጅ የሚረዳውን ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ይጠይቅ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ቸል ከተባለ ግን ዕዳው የሚከፈለው በልጆቻችን ሳንባ ነው። አጫሹ ገና ጥቂት በሆነበት በዚህ ጊዜ መሥራት ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና።