ከኅትመት በፊት የነበረው ወረቀት

ይህ እትም በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ይወጡ የነበሩ ተከታታይ ካርቱኖችን ኦሪጅናል ሥዕሎች ይመለከታል። እነዚህን ወረቀቶች ፈልጎ ማሰባሰብ የባለገንዘብ መዝናኛ ብቻ አይደለም ብለን እናምናለን። ሠዓሊው በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ፣ ከሚታተመው መጠን አስፍቶ ይሥል ነበር። የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ያላነሳው ሰማያዊ እርሳስ፣ በነጭ ቀለም የተሸፈነ መስመር፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ቃል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጋዜጣው የሚያሳየን የሠዓሊውን ውሳኔ ነው፤ ማመንታቱን የምናገኘው በኦሪጅናሉ ላይ ብቻ ነው። ሆኖም ካርቱኖችን ለጋዜጦች የሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ለረጅም ዘመን ሥዕሉ ከታተመ በኋላ ጥቅሙ እንዳበቃ ቆጥረው ብዙውን ጥለዋል። ካርቱኒስቱ ሞርት ዎከር እ.ኤ.አ. በ1974 በኮነቲከት የካርቱን ሙዚየም ያቋቋመው ይህን ጥፋት ለመግታት ነበር።

ሥዕሉ የተሠራው ለኅትመት ስለሆነ እውነተኛው ሥራ ጋዜጣው ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ በቀላሉ አይጣልም፤ የእሑድ ገጾች ቀለም ሙሉ ሆኖ የሚታየው በኅትመቱ ላይ ነውና። ሰብሳቢው ቢል ብላክቤርድም ቤተ መጻሕፍት ወደ ማይክሮፊልም ለውጠው ያስወግዷቸው የነበሩትን ጋዜጦች በመታደጉ ባለውለታችን ነው። ግን አንዱን ማዳን ሌላውን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ይበልጥ የሚያሳስበን የኦሪጅናሎቹ ዋጋ በናረ ቁጥር ሥዕሎቹ በግል ቤቶች ተዘግተው የመቅረታቸው ነገር ነው። ደግነቱ የብላክቤርድም የዎከርም ስብስቦች ዛሬ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ካርቱኒስቱ ቢል ዋተርሰንም የ«ካልቪን ኤንድ ሆብስ» ኦሪጅናሎቹን እዚያው አስቀምጧል። ሰብሳቢዎች በሕይወት ሳሉ ወረቀቶቻቸው የት እንደሚያርፉ እንዲወስኑ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።