ሸዋል ሲገባ

በረመዳን የመስጂዳችን ደጃፍ ይጠባል። ተምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው ከየቤቱ ይመጣል፤ አንዳንድ ማታ ተርፎ ለማን እንስጠው ብለን እንጨነቃለን። ሸዋል ሲገባ ግን በዚያው በር የሚመጡትን እናቶች «ሌላ ቀን ተመለሱ» እያልን እንሸኛለን። ይህን ስንናገር እናፍራለን፤ ግን እውነት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋ ብርሃን ምገባ ማዕከላት ለተቸገረ ሰው በቀን አንድ ጊዜ በነፃ ምግብ ያቀርባሉ። እሳቱ ዓመቱን ሙሉ ይነዳልና ዱቄቱም ዘይቱም ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል። ለአንድ ምሽት የሚታረድ በሬ መልካም ነው፤ እኛ ግን በየወሩ ሳይቋረጥ የሚመጣውን ግማሽ ኩንታል እናስበልጣለን። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ትንሽም ብትሆን የምትዘወተረውን ሥራ ነው የወደዱልን።

ዘካተል ፊጥርን በተመለከተ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ እህል ነው። 6 ሰው ያለበት ቤት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ያወጣል ማለት ነው። ከዒድ ሶላት በፊት ተቀባዩ እጅ መግባት ስላለበት አንድ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ አምጡ። በዒድ ጠዋት ፌስታል አንጠልጥሎ የሚሮጥ አባወራ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ያን ሰዓት ማን ይመዝናል፣ ማንስ ያደርሳል?

ሰልፍ የማይቆም ጎረቤትም አለ። ልብሱ ንጹህ ስለሆነ የጠገበ ይመስለናል። ለእርሱ ሲመሽ በልጅ እጅ ላኩለት፤ ፎቶ አታንሱ። የሸዋልንም ድርሻ ከዛሬው አስፈጥሩ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ።