የባንክ ፈተናና የሙዓመላት ዕውቀታችን



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፤ የመመረቂያ ዓመት ላይ የደረሳችሁ ሁሉ ይህን ሰሞን የምታወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ግዴታ የሆነው የመውጫ ፈተና ነው። ሁለተኛው ከእሱ በኋላ ስለሚመጣው ሥራ ነው። ፔዳም ሆነ ፖሊ፣ አካውንቲንግ የተማረውም ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረውም፣ ዓይኑን ከሚጥልባቸው ማስታወቂያዎች ግንባር ቀደሙ የባንክ ነው። ከዓስር በኋላ ሰብሰብ ብለው ወረቀት የሚያገላብጡ ልጆችን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በእጃቸው የያዙት የባንክ ፈተና ጥያቄ ነው።

እነዚህ ወረቀቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሁሉም ተማሪ የሚያነበው ነው፦ የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ፣ የማገናዘብና የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች። ሁለተኛው በእኛ መካከል ብቻ የሚዞረው «ኢስላማዊ ጠቅላላ ዕውቀት» የሚል ርዕስ ያለው ነው። ይህኛው ከወለድ ነፃ ባንኮች ለሚያወጡት ቅጥር ይጠቅማል ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ውስጡ ግን ምን አለ? ቁርኣን ስንት ሱራ አለው? መጀመሪያ የወረደው አንቀጽ የቱ ነው? የበድር ዘመቻ በስንተኛው ዓመተ ሒጅራ ነበር?

እነዚህን ማወቅ መልካም ነው፤ አንድ ሙስሊም ሊያውቃቸውም ይገባል። ለረመዳን የጥያቄና መልስ ውድድር ይሆናሉ። ነገር ግን ባንክ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ዲኑ የሚጠይቀው ዕውቀት ይህ አይደለም። በእኔ እምነት ለባንክ ፈተና የምንዘጋጅበት መንገድ መስተካከል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ጠቅላላ ዕውቀቱን በአንድ ደብተር፣ ዲኑን በሌላ ደብተር አድርገን እየሸመደድን ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ማለትም የሙዓመላትን ፊቅህ፣ ባዶ ትተነዋል።

በመጀመሪያ እዚህ እንዴት እንደተደረሰ እናስታውስ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የተለመዱት ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ እንዲሰጡ የሚፈቅደውን መመሪያ ያወጣው በ2004 ዓ.ም አካባቢ ነው። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም ግን እስከ 2011 ዓ.ም መጠበቅ ግድ ሆነ። ዘምዘም ባንክ በሰኔ 2013 ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ፤ ራሚስ ባንክ ደግሞ በ2015 ዓ.ም በሩን ከፈተ። ከእነሱ ጎን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ሲቢኢ ኑር»፣ የዳሸን «ሸሪክ»፣ የአዋሽ «ኢኽላስ»፣ የአቢሲንያ «አሚን» አሉ። አባቶቻችን ይህንን አማራጭ ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋል። ዛሬ እኛ ቅጥር የምንጠይቅበት ወንበር የተገኘው በዚያ ጥያቄ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ስለምን እንደሚሠራ ካላወቀ ጥያቄው በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በጣና ዳር አሳ የሚነግድ ሰው አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ወደ ባንክ መጣ እንበል። ዋጋው 80,000 ብር ነው። ባንኩ በሙራበሓ ማቀዝቀዣውን ገዝቶ በ12 ወር የሚከፈል አድርጎ በ92,000 ብር ሸጠለት። ነጋዴው ወጣቱን ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ይጠይቀዋል፦ «ልጄ፣ ይሄ 12,000 ብር ወለድ አይደለም እንዴ? ስሙን በዐረብኛ ቀየራችሁት እንጂ።» መልሱን የማያውቅ ልጅ «አይ ሐላል ነው፣ ዑለማዎች ፈቅደውታል» ብሎ ያልፋል። ነጋዴው ዝም ይላል እንጂ አያምነውም፤ ወጥቶም ለጎረቤቱ ያንኑ ይናገራል።

የሚያውቅ ልጅ ግን ልዩነቱን በአጭሩ ያስረዳዋል። ባንኩ ለደንበኛው ብር አላበደረም፤ ዕቃ ገዝቶ ነው የሸጠለት። ዕቃው ከመሸጡ በፊት በባንኩ እጅ ሆኖ ቢሰበር ወይም ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። የተገዛበት ዋጋና ትርፉ ለደንበኛው በግልጽ ተነግሮታል። ከተስማሙ በኋላ ክፍያው ቢዘገይም 92,000 ብሩ 95,000 አይሆንም። በሌላ በኩል፣ ባንኩ ዕቃውን ሳይገዛና ሳይረከብ 80,000 ብሩን ለደንበኛው አስረክቦ «92,000 መልስ» ቢለው ኖሮ፣ ወረቀቱ ላይ ሙራበሓ ቢጻፍም ነገሩ ብድርና ጭማሪ ይሆን ነበር። ሐላልና ሐራሙን የሚለየው የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሚያስፈጽመው ደግሞ ያ ፈተና አልፎ የተቀጠረው ልጅ ነው። እሱ ለመቻኮል ብሎ አንድ ፊርማ ቢያቀዳድም ውሉን ሊያበላሸው ይችላል።

አካባቢያችን ራሱ የሙዓመላት መማሪያ ነው። የፎገራ ገበሬ ሩዙን ከመሰብሰቡ በፊት ለዘርና ለጉልበት ገንዘብ ይቸግረዋል። ይህ ሰለም የሚባለው ውል የሚመለከተው ጉዳይ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች የቴምር ዋጋ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት አስቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው። አልከለከሏቸውም፤ ነገር ግን ስፍሩ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ። እንግዲህ የፎገራን ሩዝ በሰለም የሚገዛ ባንክ ስንት ኩንታል፣ ምን ዓይነት፣ መቼ፣ የት የሚለውን ሁሉ መጻፍ፣ ዋጋውንም በሙሉ አስቀድሞ መክፈል አለበት። እንዲሁም አንድ ሰው በሐይቁ ላይ የሚሠራበት የሞተር ጀልባ አሠርቶ ለመውሰድ ቢፈልግ ጉዳዩ ኢስቲስናዕ ነው። እነዚህን ስሞች ትርጉማቸውን ብቻ ሸምድዶ መያዝና በአገራችን ሰው ኑሮ ላይ አስቀምጦ መረዳት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ከአእምሮ አይጠፋም።

ሒሳቡም ቢሆን ከፊቅሁ ጋር ሲማሩት ይቀላል። ይህን ጥያቄ ሞክሩት፦ አንድ ባለ ገንዘብ በሙዳረባ ለነጋዴ 200,000 ብር ሰጠ፤ ትርፍ 60 ለባለ ገንዘቡ፣ 40 ለነጋዴው በመቶ ተስማሙ። ንግዱ 50,000 ብር ቢያተርፍ ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳል? መልሱ ቀላል ነው፤ 30,000 እና 20,000። ንግዱ 30,000 ብር ቢከስርስ? ፊቅሁን የማያውቅ ጎበዝ የሒሳብ ተማሪ ወዲያው 18,000 እና 12,000 ብሎ ይመልሳል። ተሳስቷል። ነጋዴው ካላጠፋና ካልተዘናጋ 30,000 ብሩ በሙሉ ከባለ ገንዘቡ ይወጣል፤ ነጋዴው የከሰረው ልፋቱን ነው። በሙሻረካ ደግሞ አንዱ 300,000፣ ሌላው 100,000 ብር አዋጥተው 40,000 ብር ቢከስሩ፣ የትርፍ ስምምነታቸው ምንም ይሁን ምን ኪሳራው በመዋጮአቸው ልክ 30,000 እና 10,000 ሆኖ ይከፈላል። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ሐያ ጊዜ የሠራ ልጅ ለመቶኛ ጥያቄዎችም ለፊቅሁም በአንድ ጊዜ ተዘጋጀ ማለት ነው።

ይህን ስል ጠቅላላ ዕውቀቱን እያቃለልኩ አይደለም። እንዲያውም በመካከላችን የሚሰማ አንድ አስተሳሰብ አለ፦ «ከወለድ ነፃ ባንክ የእኛው ስለሆነ ሙስሊም መሆናችን ይበቃል።» አይበቃም። ባንክ የሰው አማና የሚጠበቅበት ቦታ ነው፤ አማና ደግሞ ከታማኝነት ጋር ችሎታንም ይጠይቃል። ነብዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግብፅን ግምጃ ቤት ለመያዝ ራሳቸውን ሲያቀርቡ የጠቀሱት ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ነው። ሙስሊም ያልሆነ የክፍል ጓደኛችን ሙራበሓን አጥንቶ ከእኛ በተሻለ ቢመልስ ቦታው ይገባዋል። የሙዓመላት ዕውቀት እንደማንኛውም ሙያ ተምሮ የሚገኝ እንጂ በስም የሚወረስ አይደለም።

ስለዚህ የአገራችንን የባንክ ታሪክና የዛሬውን ኢኮኖሚ በደንብ እንወቅ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተመሠረተው የመጀመሪያው አቢሲንያ ባንክ ከዛሬው የተለየ መሆኑን፣ በ1955 በወጣ አዋጅ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ እንደተለያዩ፣ በ1967 ባንኮች እንደተወረሱ፣ በ1986 ለግል ባለሀብት በሩ እንደተከፈተ መያዝ ጥሩ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም እንጠይቅ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ምን ገጠመው? በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ 15 በመቶ አድርጎ ሲጀምር ከወለድ ነፃ ባንኮች ገንዘባቸውን የት ያሳድራሉ? በታኅሣሥ 2017 የጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ሲከፍት ለተቀጣሪ ምን ማለት ነው? እንዲህ እየጠየቀ የሚያነብ ሰው በጽሑፍ ፈተናም በቃል ፈተናም አይደናገጥም። እንግሊዝኛውንም አንዘንጋ፤ ፊቅሁን የሚያውቅ ልጅ ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ ሳይረዳ ቢወድቅ ያሳዝናል።

«ፈተናው ይህን ሁሉ አይጠይቅም» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አንዳንዱ ፈተና ስለ ሙዓመላት አንድም ጥያቄ ላይኖረው ይችላል። የቀረውን ግን ሰው ይጠይቃል። በባሕር ዳርም ሆነ በአካባቢው ወረዳዎች ሪባን ፈርተው ገንዘባቸውን በሣጥን የሚያኖሩ እናቶች አሉ። ከሐይቁ በሚያገኙት አሳና ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ የሚተዳደሩ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን አሉ፤ እነሱም ለባንክ እንግዳ ሆነው እንዳይቀሩ የሚያስረዳቸው ሰው ይሻሉ። እነዚህ ሰዎች የባንኩን የሸሪዓ አማካሪዎች አያገኙም። የሚያገኙት መስኮቱ ላይ ያለውን ልጅ ነው። ለእነሱ ሸሪዓው ማለት የዚያ ልጅ መልስ ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ እሱም የት እንደምናመለክት ነው። ብዙዎቻችን የመጣውን ማስታወቂያ ሁሉ እንሞላለን፤ የመቀጠሪያ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ «ይህ ሥራ ይፈቀዳል ወይ?» ብለን ኡስታዝ ፍለጋ እንሄዳለን። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሪባን የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና ሁለቱን ምስክሮች አንድ ላይ እንዳወገዙ እናውቃለን። በተለመደው ባንክ የትኛው ክፍል ውስጥ መሥራት ምን ብይን አለው የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ የዑለማዎች ሥራ ነው። የምለው ጥያቄው ከማመልከቻው በፊት ይቅደም ነው። ቤተሰብ ደመወዝ እየጠበቀ፣ ታናናሾች ተስፋ አድርገው፣ ደብዳቤው እጅ ላይ እያለ የሚጠየቅ ፈትዋ ለጠያቂውም ለመላሹም ይከብዳል። ሱረቱል በቀራን ከአንቀጽ 275 ጀምሮ ከነተፍሲሩ ማንበብ ለዚህ ውሳኔ ጥሩ መነሻ ነው። የሪባ አንቀጾች እንዳለቁ የሚመጣው 282ኛው አንቀጽ ስለ ዕዳ አጻጻፍ የሚያስተምር፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለውል አጻጻፍ ይህን ያህል ቦታ ከሰጠ፣ ውል ጸሐፊ ለመሆን የምንዘጋጅ ሰዎች ስንት ቀን ልንሰጠው ይገባል?

በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና መልስ ወጥቷል» እየተባለ ስለሚሸጠው ነገርም አንድ ቃል ልበል። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን መለማመድ ሰበብ ማድረስ ነው። የተሰረቀ መልስ ገዝቶ መግባት ግን ማጭበርበር ነው፤ በእሱ የሚገኘው ወንበር የሌላ ሰው ሐቅ ነው። ከሪባ ለመሸሽ ብሎ ከወለድ ነፃ ባንክን የመረጠ ሰው በተሰረቀ መልስ ቢገባ ከምን ሸሸ ይባላል?

ወደ ሥራው እንምጣ። ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ከምረቃ በፊት ባሉት ስምንት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ እንገናኝ። አንዱ ቀን የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛና የኢኮኖሚ ይሁን፤ ከአካውንቲንግና ከኢኮኖሚክስ የመጡ ልጆች ይምሩት። ሁለተኛው ቀን የሙዓመላት ደርስ ይሁን፤ በየሳምንቱ አንድ ውል እንያዝ፦ ሙራበሓ፣ ሰለም፣ ኢስቲስናዕ፣ ኢጃራ፣ ሙዳረባ፣ ሙሻረካ፣ ወካላና ቀርድ፤ ስምንት ሳምንት፣ ስምንት ውል። ደርሱን ኡስታዝ ይስጠን፤ ከደርሱ በኋላ እንደ ማቀዝቀዣው ያለ ምሳሌ አንስተን አንዳችን ደንበኛ፣ አንዳችን ሠራተኛ ሆነን እንለማመድ። በእህቶች በኩልም እንዲሁ ይደራጅ፤ ፈተናው ለእነሱም አንድ ነው። ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ጠፍቶ ያየን ሰዎች ነንና ጥያቄዎቹን በወረቀት አሳትመን እናስቀምጥ። ከእኛ በፊት ተመርቀው ባንክ የገቡ ወንድሞችና እህቶችም መጥተው መስኮት ላይ የሚገጥማቸውን ይንገሩን።

ሁላችንም አንቀጠርም። ከመካከላችን ብዙው ወደ ንግድ፣ ወደ እርሻ፣ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ሙዓመላትን ተምሮ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም፤ ሸሪክ ሲይዝ፣ ሲበደር፣ ሲያበድር፣ ዕቃ በዱቤ ሲሸጥ ዕድሜውን ሙሉ ይጠቀምበታል። የሱራዎችን ብዛት ብቻ ሸምድዶ የወደቀ ሰው ግን ለገበያው ይዞት የሚወጣው ነገር የለም።

አላህ ዕውቀታችንን የሚጠቅም፣ ሲሳያችንን ሐላል፣ ኒያችንንም የተስተካከለ ያድርግልን። ለተፈታኞች ሁሉ ይግራላቸው። ወላሁ አዕለም።