የማዶው ጎጥም ወኪል ይኑረው

መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ሲጸዳ በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች የስብሰባ ወቅት ይጀምራል። ከሚመረጡት ኮሚቴዎች መካከል አርሶ አደሩ ዓመቱን ሙሉ ደጁን የሚጠናው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴውን ነው። ድንበር ሲገፋ፣ ይዞታ ሲወረስ፣ የወል ግጦሹ ጉዳይ ሲነሳ ቀድሞ ቃሉ የሚሰማው እሱ ነው። ስለዚህ ማን ተመረጠ ብቻ ሳይሆን እንዴት ተመረጠ የሚለውም የማሳ ጉዳይ ነው።

በብዙ ቦታ ጥቆማ ይካሄዳል፣ እጅ ይወጣል፣ ብዙ እጅ ያገኙት ያልፋሉ። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መራጭ ለሁሉም ወንበር እጁን እንዲያወጣ ከተፈቀደ ስሌቱ ሌላ ነው። 100 ሰው ተሰበሰበ እንበል፤ 60ው ከመንገድ ዳር ጎጥ፣ 40ው ከገደሉ ማዶ። ወንበሩ አምስት ነው። የመንገድ ዳሮቹ ተነጋግረው ለራሳቸው አምስት ዕጩዎች እጅ ካወጡ እያንዳንዱ 60 ድምፅ ይይዛል፤ የማዶዎቹ ከ40 አያልፉም። ውጤቱ አምስት ለባዶ። ማንም አላጭበረበረም፤ አርባው ሰው ግን ያለ ወኪል ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ዕጩ ብቻ እጁን ቢያወጣስ? የማዶዎቹ ድምፃቸውን ለሁለት ዕጩ ቢያካፍሉ 20፣ 20 ይደርሳቸዋል። የመንገድ ዳሮቹ አራት ለማሳለፍ ቢሞክሩ ለእያንዳንዱ 15 ብቻ ይደርሳል፤ ሦስት ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ። እርግጥ የማዶዎቹ አምስት ዕጩ አቅርበው ድምፃቸውን ከበታተኑ ራሳቸውን ይጎዳሉ፤ አስቀድሞ መመካከር የእነሱ ድርሻ ነው።

ጎጥ ብቻም አይደለም። በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ለስብሰባ ሲጠራ ግን አባወራው ብቻ የሚመጣበት ቀበሌ ጥቂት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በርካታ አካባቢዎች መሬት ከተደለደለ ወዲህ ያደገው ወጣትም ካልወረሰ ወይም ካልተሰጠው የራሱ ማሳ የለውም። በእኩል እያረሰ የሚኖረው ይህ ወጣት ስለ ወል መሬቱ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል። በጎንደር ከተማ ዙሪያ ደግሞ ከተማዋ በምትሰፋበት በኩል ያለው አርሶ አደር ማሳው ለካሳ ሲገመት እንዲሁ።

ወንበር በጎጥ መመደብ ሕዝብ መከፋፈል ነው የሚሉ የወረዳ ኃላፊዎች ይኖራሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመለከተው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 ግን ቁጥሩ ትንሽ ለሆነውም ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ሰጥቷል፤ ተጨማሪው በየአንድ ሚሊዮኑ ይታሰባል። ለአገር የተፈቀደው ለቀበሌ የሚከለከልበት ምክንያት አይታይም።

ሥራው በጀት አይጠይቅም። የወረዳው ባለሙያ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት ደንቡን ያንብብ፤ ሴቶች መምጣታቸውን ይቁጠር፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ከተመራጩ ስም ጎን ጎጡም ይጻፍ። አምስቱም ከአንድ ጎጥ ከሆኑ ቃለ ጉባኤው ከመጽደቁ በፊት ይታያል።