ጨለማው ጕድጓድ ስለ ምን ያበራል?



የልጅ ጥያቄ በቍጣ ሲዘጋ አእምሮውም አብሮ ይዘጋል። ባለፈው መስከረም በአቃቂ ቃሊቲ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለን፥ የ10 ዓመት ልጃቸው «አባባ፥ ጥቁሩ ጕድጓድ ብርሃንን እንኳ የሚውጥ ከሆነ፥ ፎቶግራፉ እንደ ምን ሊነሣ ቻለ?» ሲል ጠየቀ። ወዳጃችን መልሱን ስላላወቁት «ሂድና ተኛ» ሊሉት ነበር። እናቱ ግን ከወፍጮ ቤት ገና የመጣውን ዱቄት አቀረቡና «ልጄ፥ እጅህን አግባበት፤ ስለ ምን ሞቀ?» አሉት። «ድንጋዩ ስለ ፈተገው» አለ።

የነገሩም ምሥጢር ከዚህ የራቀ አይደለም። ወደ ጥቁሩ ጕድጓድ የሚሳበው ጋዝ በቀጥታ አይወድቅም፤ ዙሪያውን እየተሽከረከረ ምጣድ የመሰለ ጠፍጣፋ ክብ ይሠራል። የውስጡ ይፈጥናል፥ የውጭው ይዘገያል፤ በመግነጢስ ኃይል እየታመሰና እርስ በርሱ እየተፋተገ እጅግ ይግላል፥ ያበራልም። እንግዲህ የሚያበራው ጕድጓዱ ሳይሆን ገና ያልተዋጠው ነው። በፀሐይ ውስጥ ሃይድሮጂን ሲዋሐድ ከክብደቱ ከ100 አንድ እጅ የማይሞላው ወደ ብርሃን ይለወጣል፤ በዚህ ክብ ግን ከ100 እስከ 10 እጅና ከዚያም በላይ ሊለወጥ ይችላል።

በእኛው ፍኖተ ሐሊብ መካከል ያለው ጕድጓድ ክብደቱ የ4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ነው፤ ብርሃን ከዚያ ወደ እኛ ለመድረስ 27 ሺህ ዓመት ያህል ይጓዛል። የሚመገበው ጋዝ ጥቂት ስለ ሆነ ብርሃኑ ደካማ ነው። በልዩ ልዩ አገር የተተከሉ 8 የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ተባብረው ያነሡት ሥዕል ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገለጠ፤ የታየውም የብርሃን ቀለበትና በመካከሉ ያለው ጥላ ነው።

ይህን ለልጁ ከነገርነው በኋላ ሁላችን ወደ ደጅ ወጣን። በደቡብ በኩል ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የቀውስ ኮከብ ይታይ ነበር፤ ጕድጓዱ ያለው በዚያ አቅጣጫ ነው። በሰሜን ደግሞ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት እንጦጦ አለ። በአገራችን የብርሃናም ጋላክሲዎችን ማዕከል ሲመረምሩ ከቆዩት ሊቃውንት አንዷ ዶክተር ሚሪያና ፖቪች ናቸው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልገው» ማለት ውርደት አይደለም። ውርደትስ የሚጠይቀውን ልጅ ዝም ማሰኘት ነው።