በራስ ቁር ላይ የሚታተም ስም

ዛሬ የማወራችሁ ጉዳይ ለመጽሔት ዓምድ የማይበቃ ጥቃቅን ነገር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ጉዳዩም ሠራተኛ በሥራ ቦታ በራሱ ላይ ስለሚደፋው የራስ ቁርና በዚያው ላይ ስለሚታተመው የድርጅት ምልክት ነው። ሠራተኛው «ሄልሜት» ብሎ ስለሚጠራው እኔም ከእንግዲህ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ፤ የራስ ቁር ያልሁ እንደሆነ ጋሻና ጦር የያዘ የጥንት ወታደር በዓይነ ሕሊናችሁ ይመጣና ነገራችን ሌላ ይሆናል።

በከተማችን በሐይቅ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባለ ሦስትና ባለ አራት ፎቅ ቤት ይሠራል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሳይቱ ፊት ለፊት ቆም ብዬ የመመልከት ልማድ አለኝ። ግንበኛው በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሆኖ ብሎኬት ይደረድራል፤ ከሥሩ ሁለት ልጆች ሲሚንቶ የሞላ ባሬላ ተሸክመው ያልፋሉ፤ ካቦው ይጮኻል። ሄልሜት የደፋ ሰው ጥቂት ነው። ከደፉትም መካከል በግንባራቸው ላይ የሚነበበው ስም ከሚሠሩበት ሕንፃ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። በአንዱ ላይ የመንገድ ሥራ ድርጅት ስም ይታያል፤ በሌላው ላይ የባዕድ አገር ፊደል አለ፤ በሦስተኛው ላይ ፀሐይ የበላው የምልክት ርዝራዥ ብቻ ቀርቷል።

ለዚህ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ወልድያና ወደ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን፣ ርዝመቱም 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ድርጅት በ2004 ዓ.ም. ተዋዋለ፤ ሥራውም በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚህ ሌላ የመንገዱ፣ የድልድዩና የሕንፃው ሥራ አለ። ሥራ ሲያልቅ ሠራተኛው ወደየቤቱ ይበተናል፤ ሄልሜቱ ግን ሥራ አይፈታም። ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከገበያ ወደ ገበያ ይተላለፋል። ድንጋይ ፈላጩ ይደፋዋል፤ ማሽላ ጠባቂው ለበረዶ ይጠለልበታል፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ሞተር ብስክሌት ነጂው በአገጩ ሥር በገመድ አሥሮት ወደ ውጫሌ ሲበር ማየት ነው። የሥራ ሄልሜት ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ የተሠራ እንጂ ከአስፋልት ጋር ለሚጋጭ ራስ የተሠራ አይደለም።

በከተማችን የሱቅ ሰሌዳ በመጻፍ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት አሉ። አንድ ቀን ሦስት አሮጌ ሄልሜቶች በደጃፋቸው ተሰጥተው አይቼ ጠጋ አልሁና፤

«ጋሼ፣ በሄልሜት ላይም ይጽፋሉ እንዴ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«ምን ያልጻፍሁበት አለ ብለህ ነው መምህር! በጋሪ ጽፌአለሁ፤ በባጃጅ ጽፌአለሁ፤ በበርሜል ጽፌአለሁ። የፊተኛውን ስም በቲነር አጥበዋለሁ፤ የኋለኛውን በዘይት ቀለም እጽፈዋለሁ። ሲደርቅ አዲስ ነው የሚመስል።»

እውነታቸውን ነው፤ አዲስ ይመስላል። ጣጣውም ያለው በዚሁ ነው። ሄልሜት የሚሠራባቸው የፕላስቲክ ዓይነቶች የተለያዩ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ፣ በተለይም ኤ.ቢ.ኤስ. እና ፖሊካርቦኔት የሚባሉት፣ ከቲነርና ከቤንዚን ጋር አይስማሙም። ፈሳሹ ወደ ፕላስቲኩ ሰርጎ ይገባና ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበጅበታል። በላዩ ላይ ቀለም ሲቀባበት ደግሞ ሊታይ የሚችለውም ስንጥቅ ይሸፈናል። እንግዲህ ያ አምሮና አብረቅርቆ የወጣው ሄልሜት ሳይታጠብ ከቀረው አሮጌ ጓደኛው ይልቅ ደካማ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህን ለአዛውንቱ ባስረዳኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፤

«ታዲያ ፋብሪካው ራሱ በምን ይጽፋል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በሸሚዝ ላይ የሚታተም ምልክት በተወጠረ ጨርቅ ውስጥ ቀለም አሳልፎ ይታተማል። ሸሚዝ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይሆናል፤ ሄልሜት ግን እንደ ቅል የጎበጠ ነው። ስለዚህ የሄልሜት አታሚዎች ከሲሊኮን የተሠራ ለስላሳ ትራስ መሰል ማኅተም ይጠቀማሉ። ምልክቱ በብረት ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ በተቀረጸው ውስጥ ቀለም ይሞላል፤ ለስላሳው ማኅተም ቀለሙን ከሰሌዳው ላይ ያነሣና በሄልሜቱ ጉብታ ላይ ተለጥጦ ያሳርፈዋል። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጊዜ መታተም አለበት፤ ባለ ሦስት ቀለም ምልክት ዋጋው የሚወደደው ስለዚህ ነው። ቀለሙም እንዲያው የተገኘ ቀለም ሳይሆን ለዚያ ፕላስቲክ የሚስማማው ተመርጦ ነው። ይህን ማሽን ለመግዛት ዐቅም የሌለው ደግሞ ስቲከር ይለጥፋል። ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደሴ ስቲከር በማሽን ቆርጦ የሚሰጥ ማግኘት አያዳግትም። ስቲከር ከዘይት ቀለም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ሙጫው የሄልሜቱ አምራች የፈቀደው ዓይነት ይሁን፤ ከጠርዙ ራቅ ብሎ ይለጠፍ፤ ሄልሜቱንም እንደ ጆንያ አይሸፍነው፤ የሚመረምረው ሰው ገላውን ማየት አለበትና። አርማውን በምስማር ወይም በብሎን የሚያሥርም ሰው አይጠፋም። በሄልሜት ላይ ቀዳዳ ማበጀት ማለት በጀልባ ላይ ቀዳዳ ማበጀት እንደ ማለት ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ጥቂት ብቆጥር አትቆጡኝ። የአውሮፓው ኢ.ኤን. 397 የተባለ ደረጃ ሄልሜትን የሚፈትነው እንዲህ ነው። 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ በሄልሜቱ አናት ላይ ይለቀቃል፤ ወደ ራስ የሚያልፈው ኀይልም ከ5 ኪሎ ኒውተን ሊበልጥ አይገባም። ይህ የግማሽ ቶን ክብደት ያህል ነው፤ ነገር ግን የሚቆየው ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ እጅግ ላነሰ ቅጽበት ነው። ቁጥሩን ወደ ሐይቅ ሳይት ያመጣነው እንደሆነ፣ አንድ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ5 ሜትር ከፍታ ከግንበኛው እጅ ቢያመልጥ ጉልበቱ ከዚያ ፈተና ጋር ልክ እኩል ነው። ከ10 ሜትር ቢያመልጥ እጥፍ ይሆናል። አምስት ሜትር ማለት የሁለተኛው ፎቅ መወጣጫ ነው፤ ልጆቹ ባሬላ ይዘው የሚመላለሱትም ከዚያ ሥር ነው።

ይህን ጉልበት የሚያበርደው የላዩ ቅርፊት ብቻ አይደለም። ከውስጥ እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረ ማቀፊያ አለ፤ ቅርፊቱና ራስ ቅሉ እንዳይገናኙ በመካከላቸው ጥቂት ጣት ክፍተት የሚጠብቀው እርሱ ነው። ያ ጠፍር የተበጠሰበት ሄልሜት ከድስት አይሻልም። ጉልበቱን ለማብረድ ጠፍሩ መሳብ፣ ቅርፊቱም መለመጥ አለባቸው፤ ሄልሜቱ ይጎዳል፤ ራስ ይተርፋል። አንድ ጊዜ ከባድ ዕቃ የወደቀበት ሄልሜት ከላይ ደኅና ቢመስልም መጣል የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሄልሜቱን ገልብጣችሁ በጠርዙ ውስጥ ብትመለከቱ እንደ ሰዓት ያለ ትንሽ ክብ ምልክት ታገኛላችሁ። ዙሪያው 12 ወሮች ናቸው፤ ቀስቷ ወሩን ታመለክታለች፤ መካከሉ ላይ ያለው ቁጥር ዓመቱ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ግን አትርሱ። ሄልሜቱ የተሠራበት ጊዜ ይኸው ነው። ብዙ አምራቾች ቅርፊቱን በ5 ዓመት ገደማ፣ ጠፍሩን ደግሞ በየዓመቱ ለውጡ ይላሉ፤ ፀሐይ በበረታበት አገር ከዚያም ቀደም ብሎ። እንግዲህ የባቡሩ ሥራ በተጀመረበት ዘመን ታድሎ ዛሬም በገበያ የሚዞር ሄልሜት ካለ 10 ዓመት የደረሰ ሽማግሌ ነው። ከጎረቤታችን ከአምባሰል ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በአማርኛው አንድ፣ በጣልያንኛው ሌላ ሆኖ መገኘቱን በታሪክ ትምህርት የማያውቅ የለም። ሄልሜትም እንደዚያው በሁለት ፊት ይነበባል፤ በግንባሩ ያለውና በውስጡ ያለው ቃል አንድ መሆን አለበት።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ለማዕድን ሠራተኞች ዕቃ የሚሸጥ ቡላርድ የሚባል ቤተ ሰብ ነበር። ልጁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ሲመለስ ወታደር የሚደፋውን የብረት ቆብ አይቶ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ሸራ ደራርቦ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ በእንፋሎት ቀቅሎ የሠራተኛ ቆብ ሠራ። ስለ መቀቀሉም «የጠና ቅቅል» የሚል ስም ወጣለት፤ ለእንቁላል የሚሰጠውን ስም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የተጀመረው የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ዋናው መሐንዲስ ጆሴፍ ስትራውስ ሠራተኛው ሁሉ ቆብ እንዲደፋ አስገደዱ፤ ከድልድዩ ሥርም መረብ ዘረጉ። በመረቡ ላይ ወድቀው የተረፉት 19 ሰዎች ነበሩ።

ስለ ቀለሙ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ነጩ የመሐንዲስና የእንግዳ፣ ቢጫው የቀን ሠራተኛ ነው የሚባለው ልማድ ነው እንጂ በዓለም ሁሉ የጸና ሕግ አይደለም፤ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። ልማዱ ግን በኛ ዘንድ ሥር ሰዷል። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አይታችሁ እንደሆነ፣ ምልክት የታተመበት አዲስ ነጭ ሄልሜት ለክብር እንግዶች ይታደላል። ገና ምንም ያልተሠራበት ሜዳ ነው፤ ከላያቸው ሰማይ ብቻ አለ። ፎቶግራፍ ይነሣል፤ እልልታ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት፣ ፎቁ ወጥቶ ብሎኬት ከላይ መውደቅ በሚችልበት ጊዜ፣ ባሬላ የያዘው ልጅ ባዶ ራሱን ሲሄድ ታገኙታላችሁ። ከአንገት በላይ የሆነ ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድደዋል። በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በሚገባ እንዲጠቀምበት ያዝዛል። እኔ እንደሚመስለኝ ምልክቱን በሄልሜት ላይ ያሳተመ ሥራ ተቋራጭ ይህን ግዴታ በአደባባይ ፈርሞ በሰው ራስ ላይ እንዳኖረው ይቆጠራል። ስም መጻፍ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈው ወንጌል እስከ ዛሬ በአባ ኢየሱስ ሞአ ስም ይጠራል፤ ስም ያለበት ዕቃ የሚጠብቀው ሰው አለው። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ድርጅቱ ዘመኑ ያለፈበትን ሄልሜት ሰብስቦ ለሁለት ሰንጥቆ መጣል እንጂ ለመንገደኛ መተው አይገባውም ነበር። መቶ ሄልሜት አሳትምልኝ ብሎ ወደ አታሚ የሚሄድም ሰው ስለ አርማው መጠንና ስለ ቀለሙ ውበት ከመከራከሩ በፊት ቅርፊቱ ከምን እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ፣ በየትኛው ደረጃ እንደተፈተነ ይጠይቅ።

ከተማሪዎቼ አንዱ በክረምት ዕረፍት የደብተርና የልብስ ገንዘብ ለማግኘት በአንድ ሳይት የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ከገበያ የገዛውን ቢጫ ሄልሜት ሊያሳየኝ አመጣው፤ በግንባሩ ላይ ትልቅ ድርጅት ስም ነበረበትና በዚያ ተመክቷል። ገልብጬ ሳይ የሰዓቷ ቀስት ካመለከተችበት ወር 9 ዓመት አልፎ ነበር፤ ጠፍሩም በሲባጎ ተጠግኗል። አምራቾች የሚመክሩት ቀላል ፍተሻ አለ፤ በሁለት እጅ ግራና ቀኙን ጨብጦ ወደ ውስጥ መጫን ነው፤ ደኅናው ሄልሜት ይለመጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። ጫን ሳደርገው እንደ ደረቅ እንጀራ ተንኳኳ፤ ከጆሮ ግንዱ በላይም ጣት የሚያህል ስንጥቅ ተከፈተ።

ልጁ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና «መምህር፣ ስሙ ግን እኮ ምንም አልሆነም» አለኝ። በማግሥቱ ወደ ካቦው አብረን ሄድን።