መብራቱ ለማየት እንጂ ዓይን ለማጥፋት አይሁን

ውድ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣

እንደሚታወሰው ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሣው ጉዳይ በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ላይ የሚጨመረው ትርፍ መብራት ነበር። ከፊሎቹ አባሎች «ማኅበሩ ለትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ ያስነቅልልን» አሉ። ባለሞተሮቹ ልጆች ደግሞ «በጨለማ ተጋጭተን እንሙትላችሁ ወይ?» ብለው ተቆጡ። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ቃለ ጉባዔውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ የሁለቱንም ወገን ቃል አውቃለሁ። በቃለ ጉባዔ ላይ ጸሐፊ የራሱን ሐሳብ አይጨምርም፤ ስለዚህ የግሌን አስተያየት በዚህ ሰሌዳ ላይ አወጣለሁ።

ሐሳቤ በአጭሩ ይኸው ነው፦ መብራቱ አይነቀል፤ አገጣጠሙና አጠቃቀሙ ግን ይስተካከል።

በመጀመሪያ የተበደሉትን ልናገር። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ማታ ከለቅሶ ቤት ስንመለስ አንዲት የሰፈራችንን እናት ክንዳቸውን ይዤ እሸኛቸው ነበር። ከመታጠፊያው ላይ አንድ ሞተር ብቅ አለና ሁለቱን ነጭ መብራት ፊታችን ላይ ለቀቀብን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የያዝኩትን ክንድ እንኳ ማየት አቃተኝ። ዳር እንይዛለን ስንል እማማ ቦዩ ውስጥ ገቡ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ይኸው እስከ ዛሬ ከመሸ ከቤት አይወጡም።

ልጁ ጥሎን አልሄደም። ወርዶ አብሮን አነሣቸው፣ ሐኪም ቤትም አደረሳቸው። መንገድ ላይ እንባ እየተናነቀው «እኔ እኮ መብራቱን የገዛሁት ሰው እንዳልገጭ ብዬ ነው» አለኝ። ይኼ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ያሰበው መልካም ነገር ነው። የጎደለው ዕውቀት ነው። ዕውቀት ለጎደለው ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ክስ አይደለም።

የልጆቹንም ችግር እንይ። ዋናው አስፋልት ቢበራም የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ጨለማ ነው። ክዳን የሌለው ቦይ አለ፣ የወጣ ድንጋይ አለ። ክረምት ሲሆን ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል ጉም ይወርዳል። ከአየር ጤና ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚሄድ ልጅ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ ነው የሚያመሸው። ሞተሩ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው የፊት መብራት በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ላይ 35 ዋት ያህል ነው፤ ጥሩ ሻማ ከማለት አያልፍም። በዚያ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ስለ ወጣ፣ ዛሬ በሞተር ዕቃ እያደረሱ ወላጅ የሚጦሩት ልጆች ስንት ውጣ ውረድ አልፈው ነው የሚሠሩት። በዚህ ላይ የገዛ ሰፈራቸው የክስ ደብዳቤ ሲጽፍባቸው እንጀራቸውን መንካት ይሆናል።

እንግዲያው ስሕተቱ የት ላይ ነው? ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ሽቦው ላይ፣ ሁለተኛው የመብራቱ አቅጣጫ ላይ።

የሽቦውን ነገር የተማርኩት ከታናሽ ወንድሜ ነው። ከሶማሌ ተራ ሁለት ባለ 55 ዋት መብራት ገዝቶ፣ የሚያውቀው ልጅ ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቆንጥጦ ቀጠለለት። በሦስተኛው ቀን ከቤንዚን ጋኑ ሥር ጭስ ወጣ። እግዜር ሲያተርፈው ቆሞ ነበርና ቶሎ የባትሪውን ሽቦ ነቀለው። ኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ከፍተው ሲያሳዩን የሽቦው ልባስ እንደ ሰም ቀልጧል። እሳቸው በወረቀት ላይ እንዲህ አስረዱን።

ሁለት ባለ 55 ዋት መብራት 110 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር በላይ ይመጣል። ለ35 ዋት የተሠራ ሽቦ ግን 3 አምፔር ያህል እንዲሸከም ነው የታሰበው። በላዩ ላይ የሦስት እጥፍ ሸክም ጨመራችሁበት ማለት ነው። አህያስ ብትሆን ትወድቃለች፤ ሽቦ ደግሞ ሲደክመው ይግላል፣ ይነዳል። ባትሪውም እንዲሁ ነው። 5 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የትንሽ ሞተር ባትሪ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እነዚህ መብራቶች ቢበሩበት ግማሽ ሰዓት እንኳ በቅጡ አያቆይም። ስለዚህ መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ለትንሽ ሞተር ባለ 20 ዋት ሁለት ኤል ኢ ዲ ይበቃል፤ ሁለቱ አብረው የሚስቡት ከ3 አምፔር ትንሽ ቢበልጥ ነው። የሞተሩ ጀኔሬተር ይኼንንም ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ባለሙያ ይጠየቅ።

ትክክለኛው አገጣጠም ደግሞ እንዲህ ነው። አዲሶቹ መብራቶች የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ወፈር ያለ ሽቦ ይውጣ፤ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባበት። ለሁለቱ ትንንሽ ኤል ኢ ዲ የ5 አምፔር ፊውዝ፣ ለ110 ዋቱ የ15 አምፔር ፊውዝ ይሆናል። ከዚያ ሪሌ ይከተላል። ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ሣጥን ነው። እንደ ዘበኛ ቁጠሩት፤ ጌታው «ክፈት» ይላል እንጂ ከባዱን በር የሚገፋው ዘበኛው ነው። ሪሌው ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፦ 30 ላይ በፊውዙ ያለፈው የባትሪ ሽቦ፣ 87 ላይ ወደ መብራቱ የሚሄደው፣ 86 ላይ ከማብሪያው የሚመጣው፣ 85 ላይ ኔጋቲቩ ይታሰራል። ማብሪያው መሪው ላይ ይሁን፤ ኤሌትሪኩንም ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚነሣ መስመር ይውሰድ። ያን ጊዜ ቁልፉ ሲነቀል መብራቱም አብሮ ይጠፋል፣ ባትሪም አያልቅም።

ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ይቅር። ሞተር ይንቀጠቀጣል፣ ዝናብም ይመታዋል፤ ፕላስተር ይላላል። በእርሳስ ተበይዶ በፕላስቲክ ይሸፈን። መሪው ሥር የሚያልፈው ሽቦም ላላ ይበል፤ መሪው ወደ ግራና ቀኝ በዞረ ቁጥር እንዳይወጠርና እንዳይፈገፈግ።

አንዳንዶቹ ልጆች «ከካይሮ ተነሥተው በኢትዮጵያ አቋርጠው ኬፕታውን ይሄዱ የነበሩት ፈረንጆች በየሞተራቸው ላይ ስንት መብራት ነበር የደረደሩት» ይሉኛል። እውነት ነው። ነገር ግን የእነሱ ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች፣ አንዳንዶቹ 500 ዋትና ከዚያ በላይ ያመነጫሉ፤ የኛዎቹ ከዚያ እጅግ ያነሱ ናቸው። ደግሞም እነሱም ቢሆኑ እንዳገኙ አይቆነጥጡም። ለምሳሌ ቢ ኤም ደብሊው በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው አር 1200 ጂ ኤስ የሚባለው ሞተር መስመሮቹን የሚጠብቅ ኮምፒዩተር አለው። አንዱ ሽቦ ላይ ያልታሰበ ሸክም ሲመጣ ኮምፒዩተሩ ብልሽት ነው ብሎ መስመሩን ይዘጋል። ስለዚህ የዚያ ሞተር ባለቤትም ትርፍ መብራቱን የሚያስገባው በራሱ መስመርና በራሱ ፊውዝ ነው። የኛ ትንሽ ሞተር ኮምፒዩተር የለውም፤ ዘጊው ፊውዙ ብቻ ነው። ፊውዝ ከሌለ ደግሞ ዘጊው እሳት ነው።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ሽቦው የቱንም ያህል ቢያምር መብራቱ ወደ ሰው ፊት ካየ ዋጋ የለውም። ማስተካከያው ቀላል ነው። ሞተሩን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ በደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፤ የሚነዳው ሰው ይቀመጥበት። የመብራቱን ከፍታ በሜትር ለኩና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የብርሃኑ ድምቀት ከምልክቱ ቢያንስ አንድ ጋት ዝቅ ብሎ ይረፍ። ለጉም የሚሆነው መብራት ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚታሰርና ወደ ጎን የሚሰፋ ነው። ከፍ ካለ ብርሃኑ ከጉሙ ላይ ተመልሶ የነጂውን የራሱን ዓይን ይመታል።

ሌላው ትሕትና ነው። ከፊት ተሽከርካሪ ሲመጣ ረዥሙን መብራት ወደ አጭር መመለስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ የተማረው ነው። ትርፉ መብራትም እንዲሁ ይጥፋ። እግረኛስ ሰው አይደለም ወይ? ከለቅሶ፣ ከማኅበር፣ ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ አዛውንት ስታዩ ማብሪያዋን በአውራ ጣት መጫን ምን ያህል ይከብዳል?

በበኩሌ ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የክስ ደብዳቤው ይቅር። ሁለተኛ፣ በወር አንድ እሑድ ጧት በማኅበሩ ግቢ ግድግዳ ላይ ምልክት ይደረግና ባለሞተሮችና ባለባጃጆች መብራታቸውን ያስተካክሉ፤ ወንድሜን የረዱት ባለሙያ ሽቦውን አይተው ሊመክሩ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ሦስተኛ፣ ተመክሮ እምቢ ያለ ቢኖር ያን ጊዜ በስሙ ይጠየቅ፤ በአንዱ ጥፋት ሁሉም አይቀጣ። አራተኛ፣ እኛ ትልልቆቹም ብንሆን ከደጃችን ያለውን ቦይ እንክደን፤ ከበር በላይ አንዲት አምፖል የሚችል ሰው ያብራ። እማማን የጣላቸው መብራቱ ብቻ ሳይሆን የኛም ክፍት ቦይ ነው።

የማይስማማ ካለ ሐሳቡን ጽፎ ይስጠኝ፤ ከዚሁ ከኔው ጎን እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የማኅበሩ ጸሐፊ
ኮልፌ ቀራኒዮ